ሁለታችን አንድ መስመር ላይ ጠልቀን የቆጠርነው አሳ ለምን አይገናኝም?

ቀይ_ባህር_ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባህር ውስጥ የሚሰራ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም ግን ከማበድ ልጠይቅ ብዬ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ስታትስቲክስ ነው፣ ባህር የሚባል ነገር በአይኔ አይቼ አላውቅም ነበር፣ መዋኘት ራሱ የተማርኩት አምና ነው (አትሳቁ)። አሁን ሳውዲ ቀይ ባህር ዳር ማስተርስ እየሰራሁ ነው፣ ርዕሴ ኮራል ሪፍ (ባህር ውስጥ ኮራል የሰራው አለት) ላይ ያለውን የአሳ ብዛት መገመት ነው።

የምንሰራው እንዲህ ነው። 50 ሜትር ቴፕ እንዘረጋለን፣ ከቴፑ ግራና ቀኝ ሁለት ሜትር ተኩል ሁለት ሜትር ተኩል ውስጥ ያለውን አሳ እየዋኘን በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ እንመዘግባለን። አንድ መስመር 250 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። 12 መስመር ሰርተናል። የሪፉ ቁልቁለት በካርታ ስለካው 4 ሄክታር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ያልኩት ያው በትምህርት ቤት እንደተማርነው አማካዩን በ160 አባዝቼ ጠቅላላውን አገኛለሁ ነው።

አሁን ችግሩ። አብሮኝ የሚጠልቀው ልጅ እና እኔ ተራ በተራ ሳይሆን ጎን ለጎን ሆነን እያንዳንዳችን ለየብቻ ነው የቆጠርነው። በቀቀን አሳ (ያ ኮራሉን በጥርሱ የሚፍቀው፣ ውሃ ውስጥ ሲቆረጥመው ድምፁ ይሰማል እኮ) እኔ 60 እሱ 44። እነዚያ ብርቱካናማ ትንንሾቹ ደግሞ እኔ 900 ምናምን እሱ 1500! አንድ ውሃ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ቴፕ። የኔ በቀቀን አሳ በየመስመሩ ይሄው፦ 3፣ 0፣ 5፣ 2፣ 7፣ 1፣ 4፣ 0፣ 6፣ 2፣ 3፣ 27።

አማካዩ 5፣ ጠቅላላ 800 አሳ። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን (እውነተኛው ቁጥር ሊያርፍበት የሚችለውን ክልል) ስሰራው ግን ከ60 እስከ 1540 መጣ። ከ60 እስከ 1540! ይሄን ለአድቫይዘሬ እንዴት ነው የማሳየው? የቱ ነው ትክክል፣ የኔ ነው የሱ? እና ሌሎች ሰዎች እንዴት ነው ጠቅላላ ብዛት የሚያወጡት?

ሥራ_ፈት_ነኝ
ኧረ አንቺ ልጅ ሀገራችን ሰው ራሱ ከ1999 ዓ.ም ወዲህ አልተቆጠረም፣ አንቺ አሳ ልትቆጥሪ። ሰው ቢያንስ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል 😂

ታውንስቪል_ነኝ
ከላይ ያለው ወንድማችን እንደ ቀልድ ተናገረው እንጂ ነገሩን ነክቶታል። ሰው ስትቆጥሪ ቤት ለቤት ትሄጂያለሽ፣ ቤቱ አይንቀሳቀስም። አሳ ግን ቤቱን ይዞ ይሄዳል።

እኔ አውስትራሊያ ታውንስቪል ነው ያለሁት፣ ግሬት ባሪየር ሪፍ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ቆጥሬያለሁ፣ የቻልኩትን ልበል። መጀመሪያ ግን ልጠይቅሽ፣ 60 እና 44 የሚለውን ድምሩን ነው ያየሽው ወይስ በየመስመሩ አስተያይተሻል? እሱ 12ኛው ላይ ስንት አለ? ሂጂና እዪ፣ እኔ የምጠረጥረው ልዩነታችሁ 12 ቦታ ላይ ሳይሆን አንድ ቦታ ላይ ነው።

ይሄ ዘዴ አዲስ አይደለም፣ ቬርኖን ብሮክ የሚባል ሰው ሃዋይ ላይ በ1954 እ.ኤ.አ. ነው መስመር ዘርግቶ እየዋኘ መቁጠርን በወረቀት ያወጣው፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እሱን ነው በየፊናው የሚያሻሽለው። እና በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም ያላመለጠው ነገር አንድ ነው፣ ሰሌዳሽ ላይ ያለው ቁጥር የአሳው ብዛት አይደለም። አሳው፣ ውሃው፣ የቴፑ ስፋት፣ የዋኘሽበት ፍጥነት፣ ያንቺ አይን፣ አብረው ተባዝተው የወጣ ነገር ነው።

ስፋቱን እንውሰድ። በማስክ ስታዪ ነገር ሁሉ ቀርቦ ነው የሚታይሽ፣ ከትክክለኛ ርቀቱ ሦስት አራተኛው ላይ ያለ ይመስላል። ስለዚህ 3 ሜትር ከ30 ላይ ያለው አሳ "ሁለት ሜትር ተኩል ውስጥ ነው" ብለሽ ትመዘግቢዋለሽ። በሁለቱም ጎን ይሄን ካደረግሽ 250 ካሬ ሜትር ያልሽው 330 ሆነ፣ አሳውም በሲሶ በዛልሽ። ልምድ ያለው ሰው አእምሮው ያስተካክለዋል፣ አምና መዋኘት የጀመረ ሰው ግን (ይቅርታ አድርጊልኝ) አያስተካክለውም። እኛ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ፒቪሲ ዱላ ይዘን ነበር የምንለማመደው፣ ገምተሽ ከዚያ በዱላው ትለኪያለሽ፣ መቶ ጊዜ።

ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ አትቁጠሪ። እዚህ ያለው የረጅም ጊዜ ክትትል ትልልቆቹን በ5 ሜትር ስፋት፣ ትንንሾቹን ዳምሰልፊሾች ግን በ1 ሜትር ስፋት ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ መስመሩ ያው 50 ሜትር ነው። ለምን? መስመሩ በሰፋ ቁጥር አይንሽ ይበተናል፣ ዳር ዳር ያለው ትንሽ አሳ ያመልጥሻል፣ በካሬ ሜትር ስታሰይው ቁጥሩ ይወርዳል። ያንቺ 900 እና የሱ 1500 እዚህ ጋ ነው ያለው። ትልልቆቹና ፈሪዎቹ መጀመሪያ ስትሄጂ፣ ትንንሾቹ ስትመለሺ። ቴፑንም ቀድማችሁ አትዘርጉ፣ አንዱ እየቆጠረ ሌላው ከኋላው እየዘረጋ ይሂድ፣ አለዚያ ቴፕ ዘርጊው ያባረረውን አሳ ነው ተመልሰሽ የምትፈልጊው።

ኢንተርቫሉን ደግሞ አትፈሪው፣ እሱ ነው እውነቱን የነገረሽ።

ጣና_ዳር
እህቴ እኔ አሳ ምርምር ላይ ነው የምሰራው ግን ባህር ዳር ነኝ፣ ስሟ ባህር ዳር ሆነ እንጂ ባህር የላትም 😀። ኮራል አላውቅም ሆኖም ያንቺን ሳነብ ቀናሁብሽ፣ አሳውን በአይን ማየት መቻል ራሱ ምን ያለ ጸጋ ነው! ጣና ላይ ውሃው ድፍርስ ነው ጠልቀሽ ብትገቢ የራስሽን እጅ መፈለግ ነው ስራሽ። ስለዚህ እኛ የምንሰራው በመረብ ነው፣ ቀዳዳው የተለያየ ጊልኔት ማታ ጥለን ጠዋት እናወጣለን፣ ቆሮሶ ስንት፣ አምባዛ ስንት፣ ነጭ አሳ ስንት ብለን በአንድ መረብ በአንድ ሌሊት ስንት ገባ ነው የምንለው። ጠቅላላ ስንት አሳ ጣና ውስጥ አለ ብሎ የሚጠይቀን ጋዜጠኛ አይጠፋም፣ እኛ ግን የምንመልሰው ካምናው በዛ አነሰ ነው።

እና አንድ የተማርነው ነገር ልንገርሽ። ነጭ አሳ ክረምት ሲገባ እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዞቹ ነው የሚወጣው፣ ጉማራ፣ ርብ። በዚያ ሰሞን ወንዝ አፍ ላይ መረብ የጣለ ሰው ሀይቁ በአሳ የሞላ ነው የሚመስለው። ከሀይቁ ሁሉ ተሰብስቦ መጥቶ እኮ ነው! አሳው በሀይቁ ላይ እየቀነሰ እያለ እዚያች ቦታ ላይ መረቡ ለዓመታት ሙሉ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ባዶ። ስለዚህ መቼ ነው የቆጠርሽው የሚለውን አብረሽ ጻፊ። ያ 27 የተባለው መንጋ ምን ሰሞን ነው የመጣው?

ጅዳ_ኩሽና
ልጄ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ በዚህ መሃል መግባቴን ይቅር በይኝ፣ ጅዳ 14 ዓመት ሰው ቤት ምግብ ሰራሁ። አሳ ገበያ ማለዳ ከማዳም ጋር እንሄዳለን፣ ያንቺን በቀቀን አሳ እነሱ ሀሪድ ይሉታል፣ ፈረሳን ደሴት ላይ በዓመት አንዴ ሀሪዱ ራሱ በመንጋ ወደ ዳር ይመጣል አሉ፣ ሚያዝያ አካባቢ፣ ሰው መረብ ይዞ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በዓል አላቸው ለሱ። የጣናው ልጅ ያለውን ሳነብ እሱ ትዝ አለኝ። በዚያ ሳምንት ብትቆጥሪማ ሰሌዳሽም አይበቃ።

ሌላው ናጂል የሚሉት ቀዩ ባለነጠብጣቡ፣ ውድ ነው፣ ድሮ አንዱን ገዝተን ለቤተሰቡ ሁሉ ይበቃ ነበር፣ ኋላ ላይ ሁለት ሦስት ካልሆነ ትሪው አይሞላም። እኔ ሳይንሱን አላውቅም አሳው ግን አንሷል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁመቱንም ጻፊ ልጄ።

ታውንስቪል_ነኝ
@ጅዳ_ኩሽና እናቴ ያልተማርኩ ብለው እንዴት ነው እንዲህ የሚያስተምሩን! ትክክል ነው፣ ቁመት ካልተጻፈ ግማሹ መረጃ የለም። የአሳ ክብደት ከቁመቱ ጋር በግምት በሦስት ፓወር ነው የሚያድገው፣ ለየዝርያው ቁጥሮቹ ፊሽቤዝ የሚባል የአሳ መረጃ ድረ ገጽ ላይ አሉ፣ ስለዚህ ቁመቱን ከገመትሽ ወደ ኪሎ ትቀይሪዋለሽ። ግን ተጠንቀቂ፣ ቁመቱን 10 ፐርሰንት ብቻ ከሳትሽ ክብደቱን 33 ፐርሰንት ትስቺያለሽ፣ 1.1 ጊዜ 1.1 ጊዜ 1.1 ምቺው። ማስኩ የሚያሳይሽን እንዳለ ከወሰድሽማ 30 ሴንቲው 40 ሆኖ ይታይሻል፣ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ከፕላስቲክ የተቆረጠ አሳ ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ ተለማመዱ፣ ያስቃል ግን ይሰራል።

ፈጣኖቹን በሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ነው። መስመሩን ለመጨረስ 10 ደቂቃ ፈጀብሽ እንበል። በዚያ 10 ደቂቃ ውስጥ ከውጭ እየገቡ የሚያልፉትን ሁሉ ከቆጠርሽ የመስመሩን አሳ መሆኑ ቀርቶ የመንገዱን ትራፊክ ቆጠርሽ ማለት ነው። መርካቶ አንድ ጥግ ቆመሽ 10 ደቂቃ ያለፈውን ሰው ሁሉ ቆጥረሽ "በዚህች ጥግ ይህን ያህል ሰው ይኖራል" እንደማለት። ፓስፊክ ላይ ፓልሚራ የሚባል ደሴት አለ፣ ጠላቂዎች ሲቆጥሩ የሻርኩ ብዛት የሚያስደነግጥ ነበር፣ በኋላ ግን ሰዎች ለዓመታት ከ1300 በላይ ግራጫ ሪፍ ሻርክ እየያዙ ምልክት እያደረጉ ለቀው እንደገና እየያዙ ሲያሰሉት (በ2017 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው) ወደ 8300 ገደማ ሆነ፣ በአይን ቆጠራ ከሚባለው በጣም ያነሰ። ሻርኩ ጠላቂ ሲያይ ምንድነው ብሎ ይመጣል፣ አንቺ ትቆጥሪዋለሽ፣ ይዞራል፣ ትቆጥሪዋለሽ።

የሚታደን ቦታ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሃርፑን የሚወጋ አሳ የአየር አረፋሽን ድምፅ ሲሰማ ገደል ይገባል። ስለዚህ ጥብቅ ክልልና ክፍት ቦታ ስታወዳድሪ ልዩነቱ ከእውነተኛው በልጦ ሊታይሽ ይችላል፣ አንዱ ጋ አሳው ይመጣል አንዱ ጋ ይሸሻል።

ቀይ_ባህር_ዳር
ኧረ እናንተ ሰዎች! ሁለት ሰዓት ሙሉ እያነበብኩ ነው። እማማ (ጅዳ) አመሰግናለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቁመት እጽፋለሁ፣ ሀሪድ የሚለውን ስም ደግሞ ለልጁ ስነግረው ሳቀ፣ እሱ ሀገሬው ስለሆነ "ይሄን ከማን ሰማሽ" አለኝ 😀

@ታውንስቪል_ነኝ እውነትህን ነው በየመስመሩ አየሁት። 11ዱ ላይ እኔ 33 እሱ 30 ነን፣ ማለት እኩል ነን ማለት ይቻላል። 12ኛው ላይ ግን እኔ 27 እሱ 14። እዚያ ጋ ነው ሁሉ ነገር። @ጣና_ዳር ሰሞኑ የተለየ ነገር አልነበረም፣ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ነው ሁሌ የምንጠልቀው።

ግን አሁንም ጠቅላላውን ማወቅ አይቻልም ነው የምትሉኝ? እኔ ስታትስቲክስ ነው የተማርኩት፣ ምልክት አድርጎ መልቀቅ የሚባለውን ፈተና ላይ እንኳን ሰርቼዋለሁ፣ ለሻርኩ ከሰራ ለኔስ?

ጣና_ዳር
ይቻላል ግን ለየትኛው አሳ ነው ጥያቄው። ያ ፎርሙላ የሚፈልገው ነገር አለ፣ ምልክቱ እንዳይወልቅ፣ በሁለቱ ቀን መሃል አዲስ እንዳይገባ እንዳይወጣ፣ ምልክት ያለውም የሌለውም እኩል እንዲያዝ። የኛ አሳ ወንዝ ይወጣል ሀይቅ ይወርዳል፣ አንድም ቀን እነዚህን አሟልቶልን አያውቅም፣ መረብ የቀመሰ አሳ ደግሞ ሁለተኛ መረቡን አይቶ ይዞራል።

ታውንስቪል_ነኝ
ከጣናው ወንድሜ ጋር እዚህ ላይ ትንሽ አልስማማም፣ ሪፍ ላይ ከቤታቸው የማይርቁ አሉ። ክላውንፊሽ ውሰጂ፣ አኔሞኑን (የሚኖርበትን አበባ የሚመስል የባህር እንስሳ) ለቅቆ የት ይሄዳል? ከቆዳቸው ስር በቀጭን መርፌ ባለቀለም ላስቲክ ይደረግላቸዋል፣ ከውጭ ይታያል። 60 ምልክት አደረግሽ እንበል፣ ከሳምንት በኋላ 50 አየሽ፣ ከነሱ 11ዱ ምልክት ያላቸው ናቸው። 61 ጊዜ 51፣ ለ12 አካፍለሽ 1 ቀንሺ፣ 258። ያ የቻፕማን የሚባለው ፎርሙላ ነው፣ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ከተራው ፎርሙላ ይሻላል። አኔሞኑ ጥቂት ከሆነማ ፎርሙላም አያስፈልግሽም፣ አንድ በአንድ ዞረሽ ቁጠሪያቸው።

በቀቀን አሳ ላይ ግን አትሞክሪው፣ እሱን ይዞ ምልክት ማድረግ ሌላ ቴሲስ ነው።

ትንንሾቹ ተደባቂዎች ደግሞ በሌላ ዓለም ናቸው። ጎቢዎች፣ ብሌኒዎች፣ ኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ያሉት። በአይን አብዛኞቹን አታያቸውም፣ እነሱን በትክክል የሚቆጥሩ ሰዎች ትንሽ ቦታ በመረብ ከልለው ማደንዘዣ ረጭተው (የቅርንፉድ ዘይት፣ አዎ የወጥ ቤቷ ቅርንፉድ) ነው የሚለቅሙት። ደግሞ ዕድሜያቸው! እዚህ ግሬት ባሪየር ሪፍ ላይ አንዷ ጎቢ ብዙ ኖረች ከተባለ 59 ቀን ናት። ሚያዝያ ላይ የቆጠርሻት ሐምሌ ላይ የለችም፣ ያለችው ልጇ ናት። ለሷ "ጠቅላላ ብዛት" ስትይ የየትኛው ሳምንት?

ሥራ_ፈት_ነኝ
59 ቀን?? የኔ የስልክ ፓኬጅ ከዚህ ይረዝማል። እሺ ካሜራ ዝም ብላችሁ ብትጥሉበትስ፣ ለምን ትሰቃያላችሁ?

ታውንስቪል_ነኝ
ይጣላል። ካሜራ ፊት ለፊት የተፈጨ አሳ በከረጢት አድርገሽ ትሰቅያለሽ፣ አንድ ሰዓት ትተዪዋለሽ፣ ጠላቂ የለም አረፋ የለም። ግሎባል ፊንፕሪንት የሚባለው ፕሮጀክት በ58 ሀገሮች 371 ሪፍ ላይ እንዲህ ሰርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት ወደ 20 ፐርሰንት በሚሆኑት ላይ አንድም ሻርክ አልታየም። በጣም ትልቅ ነገር ነው። ግን እሱም ጠቅላላ አይሰጥሽም። አንዱ አሳ አስር ጊዜ እየተመላለሰ ስለሚታይ የሚመዘገበው በአንድ ፍሬም ላይ አንድ ላይ የታየው ትልቁ ቁጥር ነው። 6 ከታየ ቢያንስ 6 አለ፣ 60 ይሁን አታውቂም። ሽታው ምን ያህል ርቀት እንደሄደም አታውቂም፣ ስለዚህ በስንት ካሬ ሜትር ልታካፍዪ?

ስለዚህ አድቫይዘርሽ የሚፈልገው 800 ነው ወይስ 600 ነው የሚለውን አይመስለኝም። ይሄኛው ሪፍ ከዚያኛው፣ ዘንድሮ ካምና፣ እሱን ነው። ለዚያ ደግሞ ስህተትሽ ሁሌ አንድ አይነት እንዲሆን ነው መልፋት ያለብሽ፣ ያው ሰው፣ ያው ሰዓት፣ ያው ስፋት፣ ያው ፍጥነት። እና መስመር ጨምሪ፣ 12 አይበቃም።

ቀይ_ባህር_ዳር
ይሄን ሳልነግራችሁ አልተኛም። ልጁ ማስኩ ላይ ጎፕሮ ካሜራ አስሮ ነበር። የ12ኛውን ቪዲዮ ዛሬ አየነው። መንጋው 3ኛው ደቂቃ ላይ ከቀኝ ገብቶ አለፈ፣ 14 ናቸው፣ ከመሃላቸው አንዷ ጅራቷ ላይ እንደ ተነከሰ ቅጠል ጎደል ያለች አለች። 7ኛው ደቂቃ ላይ ከኋላችን ዞሮ በግራ 13 ገባ። ቪዲዮውን አቁሜ አየሁ፣ ያቺው ጅራቷ የጎደለችው! 14 ሲደመር 13፣ 27። መንጋውን ሁለቴ የቆጠርኩት እኔ ነኝ 🙈 ልጁ ምንም አላለኝም ዝም ብሎ ሻይ አፈላልኝ።

27ቱን 14 አድርጌ አሰላሁት፣ አማካዩ 3.9፣ ጠቅላላ 627፣ ኢንተርቫሉ ከ230 እስከ 1020 ገደማ ሆነ። ስታንዳርድ ኤረሩን (አማካዩ በተለምዶ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል የሚለካውን) የአማካዩ 20 ፐርሰንት ላይ ለማውረድ ስንት መስመር ያስፈልጋል ብዬ ሳሰላ 25 መጣ፣ በድሮው ዳታ ቢሆን 53 ነበር የሚለኝ። 25 ይቻለናል።

ታውንስቪል_ነኝ
ጎበዝ! ልጁንም አመስግኚልኝ። ግን እንዳትቸኩዪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሎቹ 11 መስመሮች ላይስ ቪዲዮ አለ? የበዛውን ብቻ መርጠሽ ካረምሽ ቁጥርሽን ወደ ታች ብቻ ነው የምትስቢው። 0 ያልሽባቸው ሁለቱ ላይ ያመለጠሽ አሳ ቢኖርስ፣ እሱን ማን ያርመዋል? ሰሌዳው ላይ ያለውን 27 አታጥፊው፣ እንዳለ ይቀመጥ፣ አጠገቡ ጻፊበት።

ቀይ_ባህር_ዳር
ውይ። አላሰብኩትም። በ7ቱ ላይ ቪዲዮ አለ፣ አንዱ 0 ያልኩት ነው። ነገ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ሰሌዳውን ሳናይ እንደገና እንቆጥራቸዋለን።